ከአይከል ቁልቁል

ዳገት ፈርቼ አላውቅም። ዳገት ምን ያደርጋል? ቢብስ ሳንባ ያቃጥላል፣ ጭን ያስራል፤ የሚቀድምህ ይቀድምሃል፤ አልሆን ካለም ወርደህ ትገፋለህ። ዳገት ሲወጣ የሞተ ብስክሌተኛ ሰምቼ አላውቅም። እኔ የምፈራው ቁልቁለቱን ነው። ለዓመታት ብስክሌት እየነዳ እንጀራውን የበላ ሰው ቁልቁለት ይፈራል ወይ እያሉ የሚስቁብኝ አሉ። ይሳቁ። እነሱ በዚያን ቀን ከአይከል አልወረዱም።

ተወልጄ ያደግሁት ገንዳ ውሃ ነው። ብስክሌት የለመድኩት ወደ ኮኪት በሚወስደው አስፋልት ላይ፣ ሰሊጥ የጫኑ መኪኖች እየቀደሙኝ፣ ጭስና አቧራቸውን እያለበሱኝ ነው። በእኛ አገር መሬቱ ሜዳ ነው፤ ማሽላና ሰሊጥ፣ ከዚያ ማዶ ደግሞ ማሽላና ሰሊጥ። ፍሬን ለጌጥ ነው የሚቀመጠው። ፔዳሉን መምታት ካቆምክ ሙቀቱና ነፋሱ ራሳቸው ያቆሙሃል። ወደ ክልሉ ቡድን ስገባም የተወሰድኩት በዚሁ ሙያዬ ነው፤ ሐሩር የሚችል፣ ነፋስ የሚሰብር የሜዳ ሰው ተብዬ። ደገኞቹ ጓደኞቼ ሜዳው ላይ ከኋላዬ ተጠልለው ይሄዱና ቁልቁለት ስንደርስ «ቆለኛው፣ ደህና እደር!» እያሉ ያልፉኛል። ነገሩ ቀልድ ነው፤ እኔ ግን ስቄ አላውቅም።

የምፈራበት ምክንያት አለኝ። አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ከገንዳ ውሃ ሰሊጥ ጭኖ ጎንደር ያራግፋል፤ ሲመለስ ዱቄትና ሲሚንቶ ይጭናል። እኔ ገና ፊደል ሳልቆጥር፣ ከአይከል ወደ ነጋዴ ባሕር ሲወርድ ፍሬኑ እንቢ አለው። እናቴ ሞቱን የሰማችው ከሰው አፍ አይደለም። አመሻሹ ላይ በር ላይ ቆማ ስትጠብቀው የአባቴ መኪና በሌላ መኪና እየተጎተተ መጣ፤ መሪው ላይ የተቀመጠው ሌላ ሰው ነበር። በቃ፣ ያን ጊዜ አወቀች። ከዚያ ወዲህ ጎንደር መሄድ ግድ ሲሆንባት በአውቶቡስ ትሳፈራለች እንጂ ያን ቁልቁለት በዓይኗ አይታው አታውቅም። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ትጥልና «ነጋዴ ባሕር ስንደርስ ንገሩኝ» ትላለች። አባቴ የቀረበትን ኩርባ ለእኔም አሳይታኝ አታውቅም። ይሄ ደግሞ ባሰብኝ፤ የትኛው እንደሆነ ስለማላውቅ ሁሉም ኩርባ የአባቴ ሆነብኝ።

ስለዚህ የዚያ ዓመት ውድድር በየት በየት እንደሚያልፍ ሲነገረን አንገቴን ደፋሁ። ቀናት የሚፈጅ ውድድር ነው፤ በየቀኑ ከከተማ ከተማ ይነዳል፣ የሁሉም ቀን ሰዓት ተደምሮ አሸናፊው ይለያል። መጀመሪያ ከጎንደር ደባርቅ፣ ከዚያ በተራሮቹ መካከል ሲመላለስ ይሰነብትና በመጨረሻው ቀን ከጎንደር ተነስቶ በአይከል በኩል ገንዳ ውሃ ይገባል። መንገዱ ሰላም ሆኖ ሰው ሳይሳቀቅ የሚመላለስበት ዓመት ነበር። ጓደኞቼ «እናትህ ደጅ ነው የምንጨርሰው!» እያሉ ጀርባዬን መቱኝ። እኔ ያሰብኩት አይከልን ነው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

እነዚያን ቀናት እንዴት እንዳለፍኳቸው እኔ ነኝ የማውቀው። ዳገቱን እንደምንም እወጣውና በዳገቱ ያገኘሁትን ቁልቁለቱ ይቀማኛል። ፈሪ ውሃ ውስጥ ያልበዋል የተባለው ለእኔ ነው፤ በዚያ በደባርቅ ብርድ ቁልቁል ስወርድ ላብ ያጠምቀኝ ነበር። ፍሬን ከመጨበጤ ብዛት ምሽት ላይ ጣቶቼ አልዘረጋ ብለው ጉርሻ መጠቅለል ተሳነኝ። አሠልጣኛችን አይቶኝ «አንተ ልጅ፣ ፍሬኑን ብትተውለት ምናለ?» አለኝ። ሁሉም ሳቁ።

በመጨረሻው ቀን ዋዜማ እናቴ ጎንደር መጣች። በዚያው መንገድ፣ ነጠላዋን ተከናንባ። ምን አመጣሽ ብላት «እግርህን ላሽህ ነዋ!» አለችኝ፣ የጠየቅኩት ጥያቄ ሞኝነት እንደሆነ ሁሉ።

በእኛ አገር የሰሊጥ ዘይት የማይገባበት ቦታ የለም። አራስ ልጅ ይታሽበታል፣ የታመመ ወገብ ይታሽበታል፣ የሚንጫረር በር ይቀባበታል፣ የልብስ ስፌት መኪናም ይጠጣዋል። እናቴ ከመጀመሪያው ውድድሬ ጀምሮ እግሬን በእሱ ሳታሽ ሸኝታኝ አታውቅም። አሽታ ስትጨርስ ደግሞ ጨርቁ ላይ የቀረውን ዘይት አታባክነውም፤ ብስክሌቱን ከመሪው እስከ ጎማው ትወለውልበታለች። ለእሷ ያው ነው፤ ልጇን የሚሸከም ሁሉ እግር ነው። እኔም ተዪ ብያት አላውቅም። በእኛ ሜዳ ኮኪት ሳይደረስ ዘይቱን አቧራው ይጠጣዋል።

ጎህ ሲቀድ ባረፍንበት ሆቴል ግቢ አግዳሚ ላይ አስቀመጠችኝና ጭኔንና ባቴን ታሸኝ ጀመር። እጇ ይንቀጠቀጣል።

«እማዬ፣ ምን ሆንሽ?»

«ምን እሆናለሁ? ይልቅ ስማኝ፤ ዛሬ ጀግና እንዳትሆንብኝ። አባትህን ጀግና ሹፌር ነው፣ ጀግና ነው ሲሉት ኖሩ፤ ምን ተረፈኝ? አንተ ፈሪ ሁንልኝ።»

«ሰው ይስቅብኛል እኮ።»

«ይሳቃ! ፈሪ ለእናቱ ነው።»

ሰው ለስድብ የሚወረውረውን እሷ እንደ ምርቃት ሰጠችኝ። ቁርስ በልቼ ስመለስ መንገዱ ለውድድር ሳይዘጋ በሚነሳው አውቶቡስ ተሳፍራ ሄዳለች፤ መጨረሻው መስመር ላይ ልትጠብቀኝ። ብስክሌቴ ግድግዳ ተደግፎ ያብረቀርቃል። እናት ያለው ሰው ብስክሌቱ እንኳ ያምርበታል ብዬ ደስ አለኝ።

እስከ አይከል ድረስ ከሌሎቹ ጋር ነበርኩ። መንገዱ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ዝቅ ሲል ሁለት ሦስቴ ፍሬን ነካ አድርጌ ትንሽ የዘገየ መስሎኝ ነበር። የጠዋት ጤዛ ነው ብዬ አለፍኩት። አይከል ላይ ሕዝቡ ግራና ቀኝ ተሰልፎ አጨበጨበልን። ከከተማው እንደወጣን መንገዱ ከፊታችን ጠፋ። ቁልቁለት ሲጀምር እንዲህ ነው፤ መሬቱ ያልቅና ሰማይ ብቻ ይቀራል። ከታች አገሬ፣ ቆላው፣ በሙቀት ጭጋግ ተሸፍኖ ተዘርግቷል።

ለመጀመሪያው ኩርባ ፍሬኑን ያዝኩ። አልያዘም። ጨመቅሁት። የእኛ ብስክሌቶች ፍሬን የጎማውን ብረት፣ ቸርኬውን፣ ከግራና ከቀኝ ቆንጥጦ የሚያቆም ትንሽ የጎማ ቁራጭ ነው፤ እሱ ቸርኬው ላይ ያለ ድምፅ ተንሸራተተ። ባለ በሌለ ኃይሌ ጨመቅሁት። ብስክሌቱ ጭራሽ ፈጠነ።

ያን ጊዜ የተሰማኝን ፍርሃት በየት በኩል ልጀምረው? ጸሎት ልጀምር ብዬ «ማርያም» ከማለት በቀር ቃል አጣሁ። ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ፣ ጉልበቶቼን ከፈትኩ፣ ነፋሱ እንኳ በደረቴ ይያዘኝ ብዬ። የመጀመሪያውን ኩርባ በምን ተአምር እንዳለፍኩት አላውቅም፤ የመንገዱ ጠርዝ ላይ የነበረውን ነጭ ድንጋይና ከሥሩ ያለውን ገደል ብቻ አስታውሳለሁ። አባቴም እንዲህ ነበር ያየው አልኩ በልቤ። እንዲህ ነበር የረገጠው፣ እንዲህ ነበር እንቢ ያለው።

የሚያናድደው ደግሞ ጓደኞቼን አንድ በአንድ ማለፌ ነው። ሁልጊዜ ደህና እደር የሚለኝ አንዱ ሳልፈው «ቆለኛው አበደ!» ብሎ ጮኸ። መንገድ ዳር ቆመው የሚያዩ ሰዎች እጃቸውን ወደ ላይ እያነሱ «ጀግና! ጀግና!» ይሉኛል። ፍሬን የለኝም ልላቸው ስል አልፌያቸዋለሁ። በሕይወቴ ጀግና ተብዬ የተጠራሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሦስተኛው ኩርባ ከሩቅ ሲታየኝ እንደማላልፈው አወቅሁ። በግራ ገደል፣ በቀኝ ተራራው። በተራራው በኩል መንገድ ሠራተኞች የተዉት የጠጠር ክምር ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ ወደዚያ አዞርኩት።

ስነቃ ልበል ስረጋጋ፣ በጀርባዬ ተንጋልያለሁ። ትከሻዬ ያቃጥለኛል፣ ክርኔ ይደማል። ጣቶቼ ግን አሁንም አየሩን ጨብጠዋል፤ ፍሬን የያዙ መስሏቸው።

የቡድናችን መኪና ደርሳ ቆመች። አሠልጣኙና መካኒኩ ዘለው ወረዱ። መካኒኩ ድንበሩ ላይ፣ መተማ ዮሐንስ፣ ብስክሌት ሲጠግኑ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ሁላችንም ሐጂ ነው የምንላቸው። አሠልጣኙ እኔን ሲያገላብጥ ሐጂ ጎማውን አሽከረከሩ፣ ቸርኬውን በጣታቸው ነኩ፣ ጣታቸውን አሸተቱ።

«ወላሂ ሰሊጥ ነው!» አሉ። «ቸርኬ ዘይት የሚቀባ ማነው? ሰው ሊገድል ነው?»

እኔ ወዲያው ገባኝ። ሐጂ እናቴን ያውቋታል፤ ዋዜማውን ጠርሙሷን ታቅፋ ስትገባ አይተዋታል። ቀና ብለው አዩኝና «አሃ» አሉ ቀስ ብለው። ትርፍ ጎማችን በቀደሙት ቀናት አልቆ ስለነበር ጨርቅ ቤንዚን ነክረው ቸርኬውን ይፈትጉ፣ የፍሬኑን ጎማ በሞረድ ይፍቁ ጀመር።

«ይተዉት ሐጂ፣ በቃው» አለ አሠልጣኙ። «ትከሻው እያበጠ ነው። መኪና ይግባ፤ ብስክሌቱን ከላይ እሰሩት።»

እውነቱን ልናገር፤ ከሰማይ የመጣ ድምፅ ነው የመሰለኝ። እያንዳንዱ አጥንቴ መኪና ውስጥ መግባት ነው የፈለገው። እግዜር ይስጥልኝ ልል አፌን ከፍቼ ሳለ ሐጂ ብስክሌቱን አንስተው መኪናዋ ጣሪያ ላይ አጋደሙት። እሱን ሳይ ክው አልኩ። ብስክሌቴ ባዶውን በመኪና ተጭኖ ገንዳ ውሃ ሲገባ ታየኝ። መስመሩ ላይ እናቴ ቆማለች። ማንንም አትጠይቅም። እኔ ከመኪናው በር እስክወጣ አትጠብቅም። አንዴ እንዲህ ሆኖ መጥቶላታል፤ ማየት ብቻ ይበቃታል።

«ያውርዱት፣ ሐጂ» አልኩ።

«ምን?»

«ያውርዱት። ነድቼ ነው የምገባው።»

አሠልጣኙ ተቆጣ። «አሁን ነው ጀግንነቱ የመጣብህ?»

«ኧረ ፈርቼ ነው፣ ጋሼ።»

ከዚያ ወዲያ የወረድኩትን አወራረድ ሰው አይቶት አያውቅም። አሁን ፍሬኑ ቸርኬውን ሲይዝ ይጮኻል፤ ያ ጩኸት ምነው ባልተቋረጠ እል ነበር። ግን አላምነውም። በየኩርባው አንድ እግሬን ከፔዳሉ አውጥቼ መሬት አስነካለሁ። ያለፍኳቸው ሁሉ መልሰው አለፉኝ፤ በመጨረሻ ከኋላዬ አምቡላንሱ ብቻ ቀረ። ከላይ ጀግና እንዳልተባልኩ፣ ከታች ያሉት «ምነው በእግርህ ብትወርድ!» እያሉ ሳቁብኝ። በየኩርባው «አባ፣ እኔ ነኝ፤ ልለፍ» እላለሁ። የትኛው ላይ እንደሆነ ስለማላውቅ አንዱንም አልዘለልኩም። እያለቀስኩ እንደነበር ያወቅኩት የመጀመሪያዎቹን ቤቶች ሳይና ዓይኔን ስጠርግ ነው። «ነጋዴ ባሕር ደርሰናል» አልኩ ጮክ ብዬ፣ እሷ አጠገቤ እንዳለች።

ከዚያ በኋላ ያለው ሜዳና ሙቀት ነው፤ ቤቴ ነው። ገንዳ ውሃ ስገባ ሕዝቡ ተበትኖ የመጨረሻውን መስመር ባንዲራ እየፈቱ ነበር። እናቴ ግን ቆማለች፣ ፊቷን ሳትሸፍን፣ ወደ መንገዱ አፍጥጣ። አጠገቧ ቆሜ ስወርድ ፊቴን፣ አንገቴን፣ ደረቴን ዳበሰች። ብስክሌተኛ ሲደርስ ስንተኛ ወጣህ ይባላል። እሷ የጠየቀችኝ ሌላ ነው።

«ፍሬኑ ያዘልህ?»

ሐጂ ከቡድኑ መኪና ወርደው ከኋላዬ ቆመዋል። መሬት መሬት ያያሉ።

«ያዘልኝ፣ እማዬ።»

«ታዲያ ይሄ ደም?»

«ጠጠር አንሸራተተኝ።»

«ተመስገን!» አለች። «ያ ዘይት ነው የጠበቀህ። ብዬህ አልነበር?» ከነጠላዋ ሥር ጠርሙሷንና ጨርቋን አወጣች። ጎማዬ አቧራ ለብሶ ስታየው አዘነችለትና ልትወለውለው ጎንበስ አለች።

ከአይከል ጫፍ ላይ የነበረው ፍርሃት እዚያው ሜዳ ላይ መልሶ ያዘኝ። «እማዬ፣ መጀመሪያ ትከሻዬን» አልኩና በእሷና በብስክሌቱ መካከል አስፋልቱ ላይ ዘጭ ብዬ ተቀመጥኩ። ሐጂ ብስክሌቱን ቀስ አድርገው አንስተው ይዘውት ሄዱ። እናቴ ዘይቱን መዳፏ ላይ አፍስሳ ትከሻዬን ታሸኝ ጀመር። እጇ አሁን አይንቀጠቀጥም፤ የሚንቀጠቀጠው ትከሻዬ ነበር።

«በርዶሃል እንዴ፣ ልጄ?» አለችኝ፣ በዚያ በገንዳ ውሃ ሐሩር።