ባለ ቢጫ ክዳኑ ቅባት

ሰፈሩ «እጀ ጥጥ» ይላታል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ፀጉር ስትሠራ አንዲት ሴት እንኳ ከወንበሯ አልቅሳ ተነሥታ አታውቅም። ሥራ ስትጀምር የያዘችውን የፀጉር ማለስለሻም ይህ ነገር እስከ ደረሰባት ወር ድረስ አልለወጠችም፤ ነጭ ባልዲ፣ ቢጫ ክዳን። አከፋፋዩ ሌላ ዓይነት ይዞ በመጣ ቁጥር «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» ብላ ትሸኘዋለች። በመጨረሻ ሰውየው መከራከር ሲሰለቸው አንድ አረንጓዴ ቆርቆሮ መደርደሪያዋ ላይ ትቶላት ሄደ። ሳትከፍተው አቧራ ለበሰ።

አንድ ሰኞ የከፈተችው ባለ ቢጫ ክዳን ቅባት ቀጠን ያለ ነበር። በማንኪያ ስታነሣው እንደ ወትሮው አልቆመም፣ ተንጠባጠበ። ሽታውም አፍንጫ ይወጋል። ከጎኗ ጥፍር የምትሠራው ታናሽ እህቷ ሙቀቱ አላልቶት ይሆናል አለች። ጽሑፉ ያው ነው፣ ሥዕሉም ያው። ሆዷ ቢጠረጥርም ወንበሮቹ ሞልተው ነበርና ሥራዋን ቀጠለች። እስከ ረቡዕ ሰባት ሴቶች ተሠርተው ሄዱ።

ስምንተኛዋ ጡረታ የወጡት አዋላጅ ነበሩ። ሁለቱንም ልጆቿን ያዋለዷት፣ «ልጄ» ብለው የሚጠሯት ሴት ናቸው። እንደ ሁልጊዜው ግንባራቸውንና የጆሯቸውን ዙሪያ ቫዝሊን ቀባች፤ ጓንቷን አጠለቀች፤ የግድግዳውን ሰዓት አይታ ከማጅራት ጀምራ ወደ ላይ መቀባት ያዘች። አራተኛው ደቂቃ ላይ አዋላጇ የወንበሩን መደገፊያ ጨበጡ።

«ልጄ፣ ዛሬ ጠንከር አለብኝ» አሉ።

እየሮጠች ወደ መታጠቢያው ወሰደቻቸው። አጥባቸው ቀና እንዳሉ በፎጣ ስትነካቸው፣ ከአናታቸው ላይ አንድ እፍኝ ፀጉር ተላቆ ጓንቷ ላይ ተጣበቀ። ከሥሩ ያለው ቆዳ ደም መስሏል። ምን እንደምታደርግ ሳታስበው እጇን ጨበጠችና ፀጉሩን የሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችው። ከዚያም ትንሽ ቀልቷል፣ ቫዝሊን ሲነካው ይሽራል ብላ በሻሽ ሸፋፍና ሸኘቻቸው። አዋላጇ አመስግነው ወጡ። ያ ምስጋና ነው የገደላት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የመስተዋት በሩ በተከፈተ ቁጥር ትበረግጋለች። ስልክ ሲጮኽ እህቷ እንድታነሣላት በዓይኗ ትለምናለች። መንገድ ላይ ሻሽ ያሰረች ሴት ካየች ከሰባቱ አንዷ እየመሰለቻት በሌላ ቅያስ ትታጠፋለች። እህል አልወርድ አላት። የመጡትን ደንበኞች ውኃ ጠፍቷል እያለች መለሰች፤ ቧንቧው ከኋላዋ ጠብ ጠብ ሲል እየተሰማ።

«ለምን ጥለሽው አዲሱን አትከፍችም?» አለቻት እህቷ።

ነገሩ እንዲህ ቀላል አልነበረም። ቢጫውን ብትጥለው ጥፋቱን ማመኗ ነው፤ ብታስቀረው ቀጥሎ የሚነደው የማን ራስ ይሆናል? አረንጓዴውስ ቢብስ? ይህን ያህል ዘመን የምታውቀው ከከዳት የማታውቀው ምን ይላት ይሆን?

በአራተኛው ቀን በሩን ከውስጥ ቆልፋ አረንጓዴውን ቆርቆሮ ከፈተች። ከማጅራቷ በስተቀኝ ትንሽ ቀባችና መስተዋቱ ፊት ተቀመጠች። እህቷ ሰዓት ያዘች። ላብ ሲወርዳት ያቃጠላት ይመስላታል፤ ዝንብ ሲያርፍባት ትዘላለች።

«ገና አንድ ደቂቃ ነው እኮ፣ እቴ» አለች እህቷ። ልትስቅ ሞክራ አልሆነላትም።

አሥር ደቂቃ ሞላ፤ ምንም የለም። ታጥባ ስታበቃ እህቷ ባልዲውን በአገጯ እያሳየች፣ ያንንስ ሳትሞክሪው በምን ታውቂያለሽ አለቻት። በስተግራ በኩል ደግሞ ከእሱ ቀባች። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ እሳት እንደ ነካት ብድግ አለች።

እንግዲህ ሙቀቱም፣ የአዋላጇ እርጅናም አልነበረም። ቅባቱ ነው። ያስፈራት ግን እሱ ብቻ አይደለም፤ መቅጠኑን እያየች ነው የቀባቻቸው።

አዋላጇ ቤት እስክትደርስ ሁለት ጊዜ ከመንገድ ተመለሰች። በሩን ራሳቸው ከፈቱላት። ተቀመጪ ቢሏትም አልተቀመጠችም። ቅባቱ መበላሸቱን፣ ቀድማ መጠርጠሯን፣ ፀጉሩን ኪሷ መክተቷን በአንድ ትንፋሽ ተናገረች።

«ስትጨብጪው በመስተዋቱ አይቼሻለሁ» አሉ አዋላጇ።

እጇን ወደ በሩ እጀታ ሰደደች።

«ትመጪ እንደሆን እየጠበቅሁሽ ነበር። እኔም በሥራዬ ፈርቼ ዝም ያልሁበት ቀን አለ። ምን እንደሆነ አልነግርሽም።» ሻሻቸውን ፈትተው አሳዩዋት። የብርጭቆ አፍ የሚያህል ቦታ ተልጦ ቅርፊት ይዟል፤ ሐኪም ያዘዘላቸውን ይቀባሉ። «ይልቅ ከእኔ ሌላ ማንን ቀባሽ?»

«ሰባት ሰው፣ እትዬ።»

«ታዲያ እዚህ ቆመሽ ምን ትሠሪያለሽ?»

ሰባቱን በር ለማንኳኳት ሁለት ቀን ፈጀባት። በእያንዳንዱ ደጃፍ እጇን አንሥታ ትመልሳለች፤ ከውስጥ ኮቴ ሲሰማ መሸሽ ያምራታል። አራቱ ምንም አልሆኑም። ሁለቱ ጥቂት አቃጥሏቸው ድኗል። ሰባተኛዋ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ግን ከጆሮዋ በላይ ፀጉሯ ሳስቷል። እስከ መጨረሻው ሰማቻትና በሯን ዘጋች። እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ሲገናኙ ፊቷን ታዞራለች።

ባልዲዎቹን ለአከፋፋዩ መለሰች። ሰውየው ሌላ ማንም አላማረረም አላት። እሷም አልተከራከረችውም፤ በዚያው መንገድ ላይ ወዳሉት ፀጉር ቤቶች እየገባች ማጅራቷን አሳየች። ሁለቱ ሰሟት፣ አንዷ ሳቀችባት።

አሁን የምትሠራው በአረንጓዴው ነው። እንደ ድሮው ፀጉር አያስተኛም፤ ይህን ለደንበኛ ደብቃ አታውቅም። ማንም ብትመጣ አስቀድማ ከጆሮዋ ጀርባ ቀብታ ታስጠብቃታለች። «ፀጉር ልሠራ እንጂ ክትባት ልወጋ አልመጣሁም» ብለው የሄዱ አሉ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና፣ አዲስ ቆርቆሮ በከፈተች ቁጥር አሁንም በማንኪያ እያነሣች መቅጠን አለመቅጠኑን ታያለች። እህቷ ትለምጂዋለሽ ትላታለች። እሷ ግን ይበልጥ የምትፈራው መልመዱን ነው።

በአምስተኛው ወር አዋላጇ መጡ። በተላጠው ቦታ የጣት ጫፍ የሚያህል ነጭ ፀጉር በቅሏል። ማለስለስ እንደማይፈልጉ፣ የቀረውንም ከእሱ ጋር እኩል አሳጥራ እንድትቆርጥላቸው ነገሯት። ፎጣውን ትከሻቸው ላይ አደረገች፤ መቀሱን ግን ቶሎ አላነሣችም። አዋላጇ ይህን አዩ። መቀሱን እስክታነሣ ድረስ ዓይናቸውን ጨፍነው ጠበቋት።