በሳሙና ያጠብኳቸው ብርጭቆዎች

በ1978 ዓ.ም. የአርባ ሁለት ዓመት ሰው ነበርኩ። አምቦ ከተማ ዳር በነበረች አንዲት ትንሽ ቤተ ሙከራ ዕቃ አጣቢ ነበርኩ።

አለቃዬ ልጅ እግር ዶክተር ነበረች። ጎጆ በምትባለው ከተማ ዙሪያ ያለው ደጋ አፈሩ አሲድ በዝቶበት ገብስ እምቢ ሲል፣ አንዳንዱ ገብስ እንዴት እንደሚችለው ነበር የምትመረምረው። አንድ ቀን አስረዳችኝ።

«ጋሼ፣ የሥሩ ሕዋስ ከስብ የተሠራ ስስ ቆዳ አለው። ቆዳው ውስጥ አሲዱን ወደ ውጭ የሚገፋ ፕሮቲን ተሰክቷል። ከቆዳው ካወጣነው ይበላሻል። ስለዚህ ከእንቁላል አስኳል ስብ የውሸት ቆዳ እንሠራለትና እዚያ እናኖረዋለን።»

«ቆዳው የውሸት መሆኑን አያውቅም?» አልኳት።

«እንዳይነግሩብኝ!» ብላ ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ስትስቅ አላየኋትም።

ሁዳዴ ገባ። እንቁላል የምገዛት ሴትዮ «ኦቦ፣ በጾም ይሄ ሁሉ ለማን ነው? ቄሱ ያውቃሉ?» እያለች ገበያተኛውን ታስቅብኛለች። ነገሩ እኔንም ይከነክነኝ ነበር። በኛ ቤት በጾም እንቁላል የነካው ዕቃ በሳሙና ሳይፈተግ ውሃ አይጠጣበትም። ዶክተሯ ግን «እነዚህን ብርጭቆዎች ሳሙና እንዳያስነኩብኝ፤ በአልኮልና በተጣራ ውሃ ብቻ» ብላኛለች። አስኳል በውሃ ይለቃል ብሎ ማን ያሳምነኛል? ዞር ስትል በዱቄት ሳሙና እፈትጋቸዋለሁ። ውሃው በጄሪካን የሚመጣ ስለሆነ አንዴ ለቅለቅ፣ በቃ።

የውሸት ቆዳው ሲሳካ ፈሳሹ ውሃ የበዛበት ወተት ይመስላል። ሁዳዴ ከገባ ወዲህ ግን እኔ ያጠብኩት ብርጭቆ ውስጥ በገባ ቁጥር ጠርቶ ውሃ ይሆን ጀመር። ሦስት ሳምንት እንዲሁ። እንቁላሉን ቀየረች፣ ጨዉን ቀየረች፣ ምግብም ተወች። የመሥሪያ ቤቱ ሊቀመንበር፣ እስከ ሐሙስ ውጤት ካላሳየች ክፍሉ እንደሚዘጋና እሷም እንደምትዛወር ነገራት። ከገብሱ ሥር ያወጣችው ፕሮቲን ደግሞ የቀራት ለአንድ ሙከራ ብቻ ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት ሊቀመንበሩ ቆሞ እያየ የመጨረሻዋን ፕሮቲን ጨመረች። ፈሳሹ ጠርቶ ውሃ ሆነ።

«ጓድ ዶክተር፣ እንቁላሉን ብንበላው ይሻለን ነበር» ብሎ ወጣ።

እሷ ቆይታ ከታጠቡት አንዱን ባዶ ብርጭቆ አነሳች፤ የተጣራ ውሃ ጨምራ ነቀነቀችው። አረፋ ሞላ።

«ሳሙና ስቡን ይበታትነዋል፣ ጋሼ። በሳሙና አጥበውታል?»

«አላጠብኩም።»

እጄ ሳሙና ሳሙና እየሸተተ! አየችኝ፤ አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። የሁለት ዓመት ልፋቷን የጻፈችባቸውን ደብተሮች ካርቶን ውስጥ መክተት ጀመረች። እኔም እሷው ፊት ቆሜ የካርቶኑን ክዳን ያዝኩላት።

በማግስቱ ጠዋት ቢሮ ሳይከፈት የሊቀመንበሩ በር ላይ ቆምኩ።

«ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ተከልክዬ በሳሙና አጥቤ ነው» አልኩት።

«የዝውውር ደብዳቤዋ ወጥቷል» አለ ቁልፉን እያዞረ። «አንተም እንጀራህን ታጣለህ። ሂድ ሥራህን ሥራ።»

«መጻፍ አይሆንልኝም። ጥፋቱ የኔ መሆኑን አንተ ጻፈውና ልፈርም።»

«ሰውዬ፣ አበድክ?»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ካልጻፍክ አልነሳም አልኩት። ባለጉዳይ ገባ፣ ወጣ፤ እኔ እዚያው ነኝ። ሲሰለቸው ጻፈው። ፈረምኩና ወረቀቱን ይዤ ዶክተሯ ካርቶን ወደምታስርበት ክፍል ገባሁ።