አስገዳጁ መምህር ኢራጅ

ኢራጅን አሥራ ዘጠኝ ዓመት አውቀዋለሁ። ኢራን፣ ካሻን ከተማ ውስጥ በአንድ የሴቶች ትምህርት ቤት እኔ ጂኦግራፊ፣ እሱ የፋርስኛ ሰዋስው እናስተምር ነበር። የሞተ ሰው ክፉው አይነሳም ይባላል፤ እሱ በሕይወት ስላለ እንደ ልቤ ላውራ።

ዓመቱን ሙሉ የሚወደው ትምህርት አንድ ነበር። «‹አስገደድኩት› ካላችሁ» ይላል ሰሌዳውን በጠመኔ እየደበደበ፣ «ቀጥሎ የሚመጣው ግሥ ‹ጻፈ› አይደለም፤ ‹ይጽፍ ዘንድ› ነው። ማስገደዱ አልቋል፤ መጻፉ ግን ገና ነው። ሊጽፍ ይችላል፣ ላይጽፍም ይችላል።» ከዚያ አንዷን ያስነሳና እስክታለቅስ ያፋጥጣታል። አፉ የሚናገረውን ጆሮው ሰምቶት የማያውቅ ሰው ቢኖር እሱ ነው።

ቤቱም ያው ነው። ሚስቱን ተላትን ሩዙን ስንት ጊዜ ማጠብ እንዳለባት ያዛታል፤ ራሱ እንቁላል መጥበስ አይችልም። ልጁ ማህሩ ነርስነት ልትጨርስ አንድ ዓመት ሲቀራት የአንድ ምንጣፍ ነጋዴ ልጅ ሊያገባት ሽማግሌ ላከ። የወንዱ ቤተሰቦች «የእኛ ሙሽራ ትምህርትም ሥራም የላትም፣ ቤቷን ትይዛለች» አሉ። ኢራጅ ልጅቷን ሳያማክር የእሺታውን ጣፋጭ አስቀመሳቸው። በእሱ ቤት ነገሩ አለቀ።

ማህሩ እኔ ዘንድ መጣችና ኩሽና ቁጭ አለች።

«እትዬ ሾኩህ፣ ምን ይሻለኛል?»

«እምቢ በይዋ።»

«ስንቴ ልበል! ‹አንቺን ማን ጠየቀሽ› ነው የሚለኝ።»

«ሼኹ ሳይጠይቁሽ ኒካህ አያስሩም። እዚያ አባትሽ አፍ የለውም።»

 እውነቱን ለመናገር፣ ትደፍራለች ብዬ አላሰብኩም።

የኒካሁ ዕለት ከሙሽራው ጎን፣ የሠርጉ መስተዋት ፊት አስቀመጥናት። ሴቶቹ ከሙሽሮቹ በላይ ነጭ ጨርቅ ዘርግተው ያዙ፤ እኔ ትዳራቸው ይጣፍጥ ተብሎ ሁለት ድፍን ስኳር እፈትግበታለሁ። ሼኹ ፈቃዷን ጠየቁ። እንደ ወጉ «ሙሽራዋ አበባ ልትቀጥፍ ሄዳለች» አልን። ደግመው ጠየቁ። «የጽጌረዳ ውሃ ልታመጣ ሄዳለች» አልን። ኢራጅ በሩ አጠገብ ቆሞ ለምንጣፍ ነጋዴው ፈገግ ይላል። ያንን ፈገግታውን እንዴት እንደምጠላው!

በሦስተኛው ጥያቄ ሙሽራዋ ራሷ ነች የምትመልሰው።

«በአባቴና በታላላቆቼ ፈቃድ» አለች ማህሩ። ቀጥሎ የሚመጣው «እሺ» ነውና ተላት እልል ልትል አፏን ከፈተች።

«እምቢ።»

 ስኳሩን እንደያዝኩ ቀረሁ።

«ምንድነው ያልሽው? አስተካክለሽ ተናገሪ» አለ ኢራጅ፣ ልክ ክፍል ውስጥ እንዳለ።

ማህሩ ጨርቁን ገፋ አድርጋ ተነሣችና ፊት ለፊት እያየችው፣ ጮክ ብላ፣ ያንኑ ቃል ደገመችው። ሼኹ መዝገቡን ዘጉ።