ሐዲድ የሌለው ባቡር

በምንኖርባት በአውሮራ ከተማ አዘውትሬ የምሄድበት የገበያ አዳራሽ ሕፃናትን የሚያዞር ትንሽ ባቡር አለው። ሐዲድ የለውም፤ በጎማ ነው የሚሄደው። ደወሉን ስሰማ የያዝኩትን ዕቃ አስቀምጬ በሌላ በር እወጣለሁ። ሰው ቢያየኝ አበደች ይላል፤ ይበል። እንደዚያ ያለ ባቡር አንድ ጊዜ፣ ግሪክ አገር፣ ከእናቴና ከልጄ ጋር ተሳፍሬያለሁ። የዚያ ቀን ቁጭት እስካሁን አለቀቀኝም።

ግሪክን በመርከብ የመዞሩን ሐሳብ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ልጄ ነርሲንግ ልትማር ከተራራው ማዶ ወዳለ ኮሌጅ ልትሄድ ነበር። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን በሙሉ በአረጋውያን መጦሪያ የሰው እናት ሳገላብጥ ኖሬ የራሴን እናት የትም ወስጄያት አላውቅም። ሳንበታተን ሦስታችን አንድ ጊዜ እንሂድ አልኩ። እማዬ መጀመሪያ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ግሪን ቫሊ ራንች ሰፈር ካለው ቤታችን ከቤተ ክርስቲያንና ከሐኪም በቀር የሚያስወጣት ነገር አልነበረም። ግሪክ የኦርቶዶክስ አገር ነው ስላት ግን ዞር ብላ አየችኝ። በወጣትነቷ ኢየሩሳሌም ሄዳ መሳለም ትመኝ ነበር፤ ሳይሆንላት ጉልበቷ ቀደማት።

“እንግዲያው እዚያ እመቤቴን እሳለምና ልጅቷን አደራ እሰጣታለሁ” አለች። “ብቻዋን አገር ለቃ ልትሄድ አይደል?”

ለቃ የምትሄደው አገር በመኪና ከእኛ ቤት ጠዋት ተነስተው ለምሳ የሚደርሱበት ነው። ብነግራትም አልሰማችኝም። ከቤተ ክርስቲያናችን ጧፍ አምጥታ በናፕኪን ጠቀለለችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ የቀረውን ሻንጣ እኔ አዘጋጀሁ።

ግሪኮች ደግሞ ቤተ ክርስቲያናቸውን ረጅም ደረጃ አናት ላይ መስቀል ይወዳሉ። እማዬ በየወደቡ እህል ሳትቀምስ፣ ነጠላዋን ለብሳ ትወርድ ነበር። እኛ ዘንድ የበላ ሰው ወደ ውስጥ አይገባም፤ ከደጅ ተሳልሞ ይመለሳል። የስኳር መድኃኒቷን እንኳ ከምግብ ጋር ስለሆነ የምትወስደው እስክንመለስ ታቆየው ነበር፤ እኔ እየተነጫነጭኩ። ደረጃውን ከሥር ሆና ታያለች፣ ጉልበቷን ታሻለች፣ ከሩቅ ተሳልማ ትመለሳለች። በመጨረሻው ወደብ ጠዋት ተስፋ ቆረጠች። “ዛሬስ አልደክምም” ብላ ቡፌው ጋ ተቀመጠችና ዳቦ በማር በላች፤ መድኃኒቷንም ዋጠች። እኔማ ሳህኔን ስንት ጊዜ እንደሞላሁ አላስታውስም። ልጄ ብቻ ማዕበሉ ሲያንገላታት አድሮ ውሃ እንኳ አልወርድላት ብሏል።

ከወደቡ ስንወጣ ባቡሩ ቆሞ አገኘነው። ባቡር ይበሉት እንጂ የባቡር ፊት የተገጠመለት ትራክተር ነው፤ ግራና ቀኙ ክፍት የሆኑ ፉርጎዎች ይጎትታል።

“ይሄ ደግሞ የማን መጫወቻ ነው?” አለች እማዬ።

ከመሬት ብዙ ከፍ ስለማይል ተሳፈረች። ሾፌሩ በባሕሩ ዳር ይዞን ሄደ፤ ሕፃን ባየ ቁጥር ደወሉን ያቃጭላል። እማዬም ለመንገደኛው ሁሉ እጇን ታወዛውዛለች። “አውሮራ ይሄ ቢኖር ሃቫና ስትሪትን እንዲህ እያልኩ ገበያ እወጣ ነበር! አንቺንም ንጂልኝ ብዬ አልለማመጥ” አለችኝ። እንደዚያ ስትስቅ ካየኋት ቆይቼ ነበር።

ከዚያ ባቡሩ በድንገት ወደ አቀበቱ ታጠፈ። ዳር ዳሩን አዙሮ የሚመልሰን ነበር የመሰለን። ጠመዝማዛውን ጨርሶ ጠፍጣፋ አደባባይ ላይ ቆመ። ፊት ለፊታችን ትንሽ ነጭ ቤተ ክርስቲያን፣ አንድም ደረጃ የሌለው፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ከበሩ በላይ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ተሥላለች። ሾፌሩ ትንሽ እናርፋለን ብሎ ሲጋራውን ለኮሰ።

እማዬ ክው ብላ ቀረች። ቀስ ብላ ወረደችና ከግቢው አጥር ጋ ስትደርስ ቆመች።

“በልቻለሁ” አለች።

“እማዬ፣ እነሱ እኮ በልተው ነው የሚገቡት። ያቺን አይስክሬም የያዘችውን አታያትም?”

“እነሱ የራሳቸውን ያውቃሉ። እኔ ማር ስልስ አርፍጄ እመቤቴ ፊት አልቆምም።”

አንጀቴን በላችው። እሷ ግን ፊቷን ወደ ልጄ አዞረች።

“አንቺ አልበላሽም” አለቻት።

ልጄ ቁምጣ ለብሳ ነበር። እማዬ ነጠላዋን አውልቃ አለበሰቻት፤ ጧፉን ከናፕኪኑ ፈትታ እጇ ላይ አኖረችላት። “ግንባርሽን ሥዕሏ ላይ አስነኪና ሳሚያት። አያቴ አደራ ብላለች በያት። በእንግሊዝኛም ይገባታል።”

“ኦኬ፣ እማማ” አለች ልጄ። በሩ ላይ ስኒከሯን አወለቀች። ከቱሪስቱ መሀል ጫማ ያወለቀ ሌላ ሰው አልነበረም።

እማዬ መዳፏን አጥሩ ላይ አድርጋ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ጠበቀች። የባቡሩ ደወል ሲደወል ልጄ ጫማዋን በእጇ ይዛ እየሮጠች መጣች።

“ሳምሽልኝ?”

“አዎ፣ እማማ።”

እማዬ የልጄን ራስ በሁለት እጇ ያዘች፤ የእመቤታችንን ሥዕል የነካውን ግንባር ደጋግማ ሳመች። ቁልቁል ስንወርድ ለማንም እጇን አላወዛወዘችም፤ የልጄን እጅ እንደያዘች ባሕሩን ታያለች። በጣም ደስ ብሏት ነበር።

መርከቡ ላይ እማዬ ሻወር ስትገባ ልጄ አልጋዬ ጫፍ ላይ መጥታ ተቀመጠች።

“ማም፣ አልሳምኳትም” አለችኝ። “ሥዕሏ ግላስ አለው፣ ሁሉም ሰው እዛው ላይ ነው የሚስመው፤ ሊፕስቲክ ምናምን አለበት። አይ ካንት፣ አልቻልኩም። ጧፉን ግን አበራሁት። ልንገራት?”

ሳቅኩ። አሁን ሳስበው ያ ሳቅ ያንገበግበኛል። “ደስታዋን አታበላሺባት፤ ቤት ስንገባ ትነግሪያታለሽ” አልኳት።

ቤት ገባን። እማዬ ታሪኩን ለቤተ ክርስቲያን ሰው፣ ለባለሱቁ፣ ስልክ ለደወለ ሁሉ አወራችው። ልጄ ኮሌጅ ገባች። ለታንክስጊቪንግ በዓል ስትመጣ ልትነግራት ቆርጣ ነበር፤ ቤቱ ግን በእንግዳ ተሞልቷል። እማዬ ደግሞ ልጅቷን አጠገቧ አስቀምጣ፣ “ይቺን ግንባር ነው እመቤቴ የተቀበለችልኝ” እያለች ታሳያቸዋለች። ልጄ እኔን አየችኝ። እኔ ሳህኔን አየሁ።

በዚያው ክረምት፣ በረዶው መንገዱን በሞላበት አንድ ጠዋት፣ የእማዬ ልብ ቆመ። ቆጨኝ፤ እንዴት እንደቆጨኝ ለሰው ማስረዳት አልችልም። ብትሰማ ምናልባት ለአንድ ቀን ታኮርፍ ነበር። ከዚያ “በይ እንግዲያው እሑድ ሳትበዪ ነይና እዚህ ትስሚያታለሽ” ትላት ነበር። በዚያው ያልቅ ነበር።

የቀብሩ ዕለት ጠዋት ልጄን ቁርስ ብላት አልበላም ብላ ራሷን ነቀነቀች። አውሮራ ያለችው ቤተ ክርስቲያናችን ስንደርስ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ በለቀስተኛው መሀል አልፋ ወደ እመቤታችን ሥዕል ሄደች። ከእሷ በፊት ማን ስሟት እንደሄደ ግድ አልሰጣትም። ግንባሯን አስነካች፣ ሳመች፣ እዚያው ብዙ ቆየች። ከዚያ በፍጥነት ወደ እማዬ መጣች። የሬሳ ሳጥኑ ግን ተዘግቶ ነበር።

“ማም፣ ክፈቱት በያቸው” አለችኝ በሹክሹክታ።

“ከእንግዲህ አይከፈትም፣ እናቴ” አልኳት።

ጎንበስ አለችና ግንባሯን ሳጥኑ ላይ፣ የእማዬ ከንፈር ከሥሩ ይሆናል ብላ በገመተችው ቦታ ላይ አሳረፈች።