ምስክር የበዛለት ሽጉጥ

ዐብዲናሲር ታይዋን ገበያ ውስጥ ቬንቲሌተር ይሸጣል። ድሬዳዋ ላይ ቬንቲሌተር የሚሸጥ ሰው ምላስ አያስፈልገውም፤ ሙቀቱ ራሱ ደንበኛ እየጎተተ ያመጣለታል። ስለዚህ ምላሱን ለሌላ ጉዳይ ቆጥቦ ኖረ፤ ለሽጉጦቹ።

ሽጉጦቹ ሦስት ናቸው። ሁሉም በዕድሜ አባቱን ይበልጣሉ፤ ሁሉም አፈሙዛቸው አውራ ጣት ይውጣል። የዛሬን ጊዜ ሽጉጥ ሲያይ ከንፈሩን ይመጥጣል። "ይሄ ሲጋራ መለኮሻ ነው" ይላል። አንደኛው ሽጉጡ የጣልያን ሥራ ነው፤ ጥይት የሚጎርሰው ከበሮ የለውም። ሁለተኛው የቤልጅግ ነው፤ ምላጭ የለውም፣ እጀታውንም ምስጥ በልቶታል። ሦስተኛው ግን ሙሉ ነው፤ የፈረንሳይ ስድስት ጎራሽ፣ ዐሥራ አንድ ሚሊ። ዐብዲናሲር እንደሚያወራው ከሆነ አንድ የባቡር መሐንዲስ ለአያቱ የሸለማቸው ነው። አያቱ የፍየል ነጋዴ ነበሩ፤ በዕድሜያቸው አንድ ጊዜ ባቡር ተሳፍረዋል፣ እሱንም ያለ ትኬት ስለነበር አዲጋላ ላይ አውርደዋቸዋል። ሽጉጡ የተገዛው ከጅቡቲ ጨርቅ ከሚያመላልስ ሰው ነው።

ከሰዓት በኋላ ሱቆች ሲዘጉ መጋላ ሰፈር ውስጥ ወዳጆቹ በርጫ ይቀመጣሉ። ሽርጣቸውን አገልድመው፣ ትራስ ተደግፈው፣ ጫታቸውን እየቃሙ ይጫወታሉ። በዚያ ቤት አንድ ደንብ አለ። ሰው ሲያወራ "ዋሸህ" አይባልም። አጠገቡ የተቀመጠው "ነበርኩ፤ አይቻለሁ" ይላል፤ ነገ የማውራቱ ተራ የእሱ ነዋ። ዐብዲናሲርም በዚህ ደንብ ጥላ ሥር፣ ከሁርሶ መንገድ ወጣ ብሎ ባለ ደረቅ ወንዝ ውስጥ በዚያ ሽጉጥ ከርከሮ መግደሉን ዓመታት ሙሉ አወራ። በመጀመሪያው ዓመት ከርከሮው ግልገል ነበር። በኋላ ቀንድ ሊያበቅል ምንም አልቀረውም። ከርከሮ መመረጡም ብልሃት ነበረው፤ ሙስሊም ቤት ውስጥ "ሥጋው የት ደረሰ?" ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ከርከሮውን የመረጠው ግን ዐብዲናሲር አልነበረም። ያን ቀን ወደ ወንዙ የሄደው ከአብሮ አደጉ ከአብዱላሂ ጋር ነው። አብዱላሂ ባጃጅ ጠጋኝ ነበር። ዐብዲናሲር ድንጋይ ላይ አነጣጠረ፤ ሳበ። ቀጭ። ደገመ። ቀጭ። ጥይቱን የምትመታው መርፌ ከሥሯ ተሰብራለች። ዐብዲናሲር አሸዋው ላይ ዘጭ ብሎ እንባውን ሲጠርግ፣ አብዱላሂ ባጃጁን ተደግፎ ሆዱን እስኪያመው ሳቀ። በርጫ ቤት ደርሰው "እሺ፣ እንዴት ነበር?" ሲባል ግን ቀድሞ የመለሰው እሱ ነው። "ጆሮዬን አደነቆረኝ፣ ወላሂ! ከርከሮ ጣለበት!" አለ። ያን ታሪክ ለወዳጁ እንዲሁ ሰጠው፤ አንድ ቀን እንኳ ውለታውን አላነሳበትም። አምና ኩላሊቱን ታሞ ሞተ።

ዘንድሮ ፖሊስ ያረጀ ሽጉጥ ያለው ሁሉ አምጥቶ ያስመርምር አለ። የማይተኩሰው ለባለቤቱ ይመለሳል፤ የሚተኩሰው ይወረሳል። ዐብዲናሲር ሦስቱንም በፎጣ ጠቅልሎ ሄደ። ወዳጆቹ እንሸኝህ ቢሉት እንቢ አላለም፤ ውጭ እንዲጠብቁት ግን አደራ ብሏቸው ነበር። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ገብቶ መርፌዋ መሰበሯን በጆሮ ሹክ ማለትና ሽጉጡን ይዞ መውጣት።

የተቀበለችው ሳጅን ቢታንያ ከመሀል አገር በቅርቡ የተዛወረች ናት። የጣልያኑንና የቤልጅጉን ገና ስታያቸው ወደ ጎን ገፋቻቸው። ፈረንሳዩን አነሳች።

"እርስዎ፣ ይሄኛው ይተኩሳል?"

ድሬዳዋ ላይ ሰው "እርስዎ" ከተባለ ወይ ታሟል ወይ ተከሷል። ዐብዲናሲር ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ።

"አቦ፣ አንተ በይኝ። ይሄ እንኳን አይተ..."

"እንዴት አይተኩስም!" ከወዳጆቹ አንዱ፣ ዓደን፣ በሩን በርግዶ ገባ። ዓደን ብረት ቀጥቃጭ ነው፤ ድምፁም እንደ ሥራው። ወዳጁ የቆየው ታስሮ መስሎታል። "ዋርያ፣ ምን ነካህ? ሳጅን፣ አትስሚው፣ ትሑት ነው። በአንድ ጥይት ከርከሮ የጣለ ሰው ነው!"

"አይተዋል?"

"ነበርኩ፤ አይቻለሁ!"

"እኔም" አለ ከኋላው የገባው ፋርማሲስቱ ዐብዱልዓዚዝ። "የባሩዱ ሽታ ከሸሚዜ አልለቅ ብሎኝ ሸሚዙን ለድሃ ሰጠሁት።"

ዐብዲናሲር በዓይኑ ለመናቸው። እነሱ አበረታታን ብለው ባሰባቸው።

"አብዱላሂ፣ አላህ ይርሐመው፣ ውሸት ካፉ ወጥቶ አያውቅም" አለ ዓደን። "እሱ ነው የነገረን።"

"ነበርኩ አላሉም?"

"ነበርኩ። እሱም ነገረኝ።"

ሳጅኗ ሳቋን ዋጠችና ወደ ዐብዲናሲር ዞረች። "እንግዲህ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ሽጉጡ ይተኩሳል፣ ወይ እነዚህም ሟቹም ዋሽተዋል። የማይተኩስ ከሆነ ሞክሬ አሁኑኑ እመልስልዎታለሁ። ምን ይላሉ?"

ዐብዲናሲር ሽጉጡን አየው። ጠዋት ጠዋት በዘይት ያሸው፣ ከልጆቹ ፊት ይልቅ ጭረቱን የሚያውቀው ሽጉጥ። አንዲት ቃል ብቻ ቢናገር ቤቱ ይገባለታል። ያቺ ቃል ግን የዐስር ሶላት ሳይሰገድ መጋላን ታዳርሳለች፤ አብዱላሂም መቃብሩ ውስጥ ተኝቶ ውሸታም ይባላል። ስለ ወዳጁ ብቻ ብሎ ነው ማለት ዐብዲናሲርን ከልክ በላይ ማሞገስ ይሆናል፤ በርጫ ቤቱ ጥግ ያለው የክብር ፍራሹም ትዝ ብሎታል።

"ይተኩሳል" አለ። "አብዱላሂ ያለው ልክ ነው።"

ሳጅኗ ትንሽ አየችው። ከዚያ ሽጉጡን ሳትሞክር መሳቢያዋ ውስጥ ከተተችው። ወዳጆቹ እንደ ሙሽራ አጅበው ቤቱ መለሱት፤ ዓደን መንገድ ላይ ላገኘው ሁሉ "መንግሥት ራሱ የፈራው ሽጉጥ!" እያለ።

ሚስቱ ሁዶ ፎጣውን ፈታች፤ ሁለት ብቻ ናቸው።

"ትልቁስ?"

"ወሰዱት። አደገኛ ነው ተባለ።"

"እሱ? አንተ ሱቅ ስትውል እኮ ሚስማር የምመታው በሱ ነው! የመጋረጃውን፣ የቁም ሳጥኑን..." ሳቋ ግቢውን አናጋው።

"ሁዶ፣ ባክሽ፣ ቀስ በይ" አለ ዐብዲናሲር፤ ተነስቶም በዚያ ሙቀት መስኮቱን ሁሉ ዘጋጋው።