የአፋፉ ድርሻ

አቶ ገብረ ማርያም ሲሞቱ ልጆቻቸው መሬቱን ለመካፈል ብዙ አልተጨቃጨቁም። ታላቁ ነጋ ቤቱ ያለበትንና ከቤቱ በታች እስከ ወንዙ የሚወርደውን ለም መሬት ወሰደ። ታናሹ አበረ የመንገዱን ዳር ወሰደ። ውብአየሁ ያን ጊዜ ከባሏ ተፋታ ከዳንግላ ከተመለሰች ገና ዓመት አልሞላትም ነበር። ልጇን የምሥራችን አዝላ፣ አንድ ጆንያ ልብስ ይዛ የመጣች ሴት መሬት አማርጣ ልትወስድ አትችልም። የደረሳት አፋፉ ነው።

አፋፉ ከሐይቁ በላይ ያለው ጀርባ ነው። ከኮሶበር ከተማ በባጃጅ ግማሽ ሰዓት ያህል ከተሄደ በኋላ በእግር ይወጣል። ድንጋይ ይበዛበታል። ገብስ ቢዘሩበት ነፋሱ ሳያፈራ ይጥለዋል፤ ድንች ቢተክሉበት ውርጭ ይመታዋል። በወዲያ በኩል ገደሉ ዛፍ ለብሶ እስከ ውኃው ይወርዳል። ሟቹ በጉልምስናቸው ድኩላ የሚያድኑት እዚያ ነበር። አደን ከተከለከለ ወዲህ ግን ከእንጨት ለቃሚ በቀር የሚወጣበት ሰው አልነበረም። ድርሻውን የሚለኩት ሽማግሌዎች አፋፉ ጫፍ ሲደርሱ ነፋሱ ጋቢያቸውን እየገፈፈ አስቸገራቸው። አንደኛው «ይህንንማ ምን ብለን እንለካዋለን? እስከ ገደሉ ይሁንላት» አሉና ገመዱን ጠቀለሉት።

ነጋ ክፉ ወንድም አልነበረም። ጎጆዋን ሲሠራ ቀርቀሃውን ራሱ ቆርጦ፣ ራሱ ተሸክሞ አወጣላት። «መሬቱ እህል ባያበቅልም ሣር ያበቅላል» ብሎ ሁለት እናት በጎችም ሰጣት። ውብአየሁ በእነዚያ በጎች ኖረች። ግልገሉን ለበዓል ትሸጣለች፣ ጠጉሩን ለባና ብርድ ልብስ ሠሪዎች ትሰጣለች፣ ኩበት ትለቅማለች። ክረምት ሲመጣ ጉሙ ከሐይቁ ተነሥቶ አፋፉን ይውጠዋል፤ በጎቿን በዓይኗ ሳይሆን በድምፃቸው ነበር የምትጠብቃቸው። የምሥራች እዚያ አድጋ፣ ተምራ፣ ዳንግላ መምህርት ሆነች።

ከዚያ ሰው መምጣት ጀመረ። መጀመሪያ የመጡት ሙሽሮች ናቸው። ቬሎዋን ሰብስባ የያዘች ሙሽራና በአዲስ ጫማው ድንጋይ ላይ የሚንሸራተት ሙሽራ ሐይቁን ከኋላቸው አድርገው ፎቶ ይነሡና ይሄዳሉ። ውብአየሁ ደስ ይላት ነበር። ለአጃቢዎቹ ውኃ ትሰጣለች፣ ለሙሽራዋም ልብሷን የምታስተካክልበት ቦታ ከጎጆዋ ትሰጣለች። ቀጥለው የመጡት ግን ፎቶ አልተነሡም። ከመኪና ወርደው በእርምጃ ይለኩ ነበር።

ምስጋናው የሚባለው ደላላ በአንድ ረፋድ ላይ ብቻውን መጣ። ቀድሞ አዲስ ቅዳም ከተማ የከሰል ነጋዴ ነበር፤ አሁን ከከሰሉ መሬቱ ይሻላል ብሎ ሙያ ለውጧል።

«እትዬ ውብአየሁ፣ መሬትዎ እኮ ቪው አለው» አላት።

«ምን አለው?»

«ቪው። እይታ ማለቴ ነው። ይኸው፣ ቁጭ ብሎ ሲያዩት።»

ውብአየሁ ወደሚያሳያት አየች። ያው ሐይቁ ነው።

መሬት እንደማይሸጥ እሱም እሷም ያውቃሉ። ሰዉ የሚያደርገው ለረጅም ዘመን ማከራየት ነው፤ ዘመኑ እጅግ ከመርዘሙ የተነሣ ተከራዩ እንደ ባለቤት፣ ባለቤቱም እንደ እንግዳ ይሆናል። ምስጋናው የመጀመሪያ ጊዜ የጠራው ዋጋ ቀልድ መሰላት። በሁለተኛው ጊዜ ያንኑ እጥፍ አድርጎ መጣ። ጎረቤቶቿ አንድ በአንድ ለሎጅ፣ ለመናፈሻ፣ ለባሕር ዳር ሰው የዕረፍት ቤት እያሉ ሰጡ። እነሱ በሰጡ ቁጥር የእሷ ይወደዳል። በመጨረሻ ያ ነፋስ የሚመታው ድንጋያማ ቦታ ከነጋ የጤፍ መሬት ይልቅ ብዙ እጥፍ የሚያወጣ ሆነ።

ውብአየሁን ያደከማት ዋጋው አይደለም፣ ጥያቄው ነው። ቤተ ክርስቲያን ስትስም ይጠይቋታል፤ ገበያ ላይ በግ የሚገዛት ሰው እንኳ የበጓን ጥርስ እያየ «አፋፉን ሰጠሽው ወይስ ገና ነው?» ይላታል። «ገና ነው» ትላለች። ለምን ገና እንደሆነ ግን ለራሷም አታውቀውም ነበር። በጎቹን የት እንደምታደርጋቸው አልታሰባትም፤ ይኸው ነው።

ፋሲካ አልፎ በሳምንቱ አበረ ከዳንግላ መጣ። ወፍጮ ቤት ከፍቶ እዚያው ይኖራል። ነጋን አስከትሎ አፋፉ ላይ ወጣ። ነጋ በሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ አበረ ግን ቆሞ ነው የተናገረው።

«ውቤ፣ ያን ጊዜ ስንካፈል ይህ ቦታ ዋጋ አልነበረውም። አሁን ነገሩ ተለውጧል። እንደገና እንካፈለው።»

«የታችኛውንም ነው?» አለች።

«የታችኛው ምን አለው?»

«ጤፍ አለው።»

አበረ ሳቀ። ነጋ ግን አልሳቀም፤ በበትሩ መሬቱን ይጭር ጀመር። ቆይቶ «ልጆቼ ጎጆ የሚወጡበት መሬት የለም» አለ። «ለሁለቱ ቆርሼ ሰጠሁ። ለቀሩት የምሰጠው አጣሁ። አንቺ አንዲት ልጅ ነው ያለሽ፤ እሷም ደሞዝተኛ ናት።»

ነጋ የተናገረው እውነት ነበር። የውብአየሁ ድርሻ የእሷ መሆኑም እውነት ነው። ሁለቱን በአንድ ላይ እንዴት እንደምትናገራቸው አላወቀችም።

ነገሩ ወደ ሽማግሌ፣ ከሽማግሌ ወደ ቀበሌ ሄደ። ውብአየሁ በጎቹን ለጎረቤት አደራ እያለች ስትወርድ ስትወጣ ከረመች። ስትሄድ የቀበሌው ሰብሳቢ ስብሰባ ላይ ነው። ሲገኝ አበረ አልመጣም። አበረ ሲመጣ ኔትወርክ ጠፍቶ ሽማግሌዎቹን የሚጠራቸው የለም። ጉልበቷ ቁልቁለቱን ከዳገቱ ይልቅ ይፈራ ጀመር። የነጋ ሚስት ውዴ በዓል በመጣ ቁጥር ጠላ ትልክላት ነበር፤ በዚያ ዓመት አልላከችም። መንገድ ላይ ሲገናኙ ውዴ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ታልፋለች።

አንድ ቀን በቀበሌው ግቢ፣ ነጋ በዚህ በኩል እሷ በዚያ በኩል አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ሲጠብቁ፣ ነጋ ሳል ያዘው። እንደ ሟቹ አባታቸው አድርጎ ነበር የሚስለው። ውብአየሁ ተነሥታ ሄደችና ፊቱ ቆመች።

«አያ ነጋ፣ ይሰጥ» አለችው።

«ምኑ?»

«አፋፉ። ኪራዩን ለሦስት እንካፈለው። ጎጆዬና ዙሪያዋ ብቻ ይቅርልኝ።»

ነጋ ቀና ብሎ አያት። የሚደሰት መስሏት ነበር፤ ግን ሲሰርቅ የተያዘ ሰው ይመስል ነበር ፊቱ። «እንዳልሽ» ብቻ አላት።

የምሥራች ይህን ስትሰማ ከዳንግላ በሚኒባስ መጣች። «እማ፣ ምን ነክቶሽ ነው? ሕጉ ካንቺ ጋር ነበር እኮ!»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን?»

«ልጄ፣ ሕጉ ከኔ ጋር ቁልቁለቱን አይወርድም።»

ተከራዩ ደጀን የሚባል የባሕር ዳር ነጋዴ ነው። ሰው አክባሪ ነበር። ሲዋዋሉ ጎንበስ ብሎ ሰላም አላት፣ «እናቴ ነዎት» አላት። በወሩ አፋፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ በቆርቆሮ አጠረው። ከውብአየሁ ጎጆ ሆኖ ሐይቁ አይታይም ነበር አሁን፤ የሚታየው ቆርቆሮ ነው፤ ነፋስ ሲመታው ቀኑን ሙሉ ይጮኻል። አበረ ድርሻውን ተቀብሎ ዳንግላ ገባ፤ ከዚያ ወዲህ አልደወለም። ነጋ መሬት ላልደረሰው ልጁ ባጃጅ ገዛለት።

ደጀን መሠረት አስቆፈረ፣ ድንጋይ አስከመረ፤ ከዚያ በጸጥታው ችግር መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት፣ ሲከፈት ሲዘጋ፣ ሠራተኞቹ ቀሩ። እንግዳ የለም፣ ሙሽራም የለም። ነዳጅ ሲጠፋ የነጋ ልጅ ባጃጅም ቆመች። ውብአየሁ እንግዲህ ዋጋው ይወርዳል፣ ሰውም ይተወናል ብላ አሰበች። አልወረደም። ጭራሽ ጨመረ። ምስጋናው ሲያስረዳት «እትዬ፣ አሁን እኮ ለመሥራት አይደለም የሚወስዱት። ብር በእጅ ከሚቀመጥ መሬት ይሻላል ብለው ነው» አላት። በአፋፉ ዙሪያ አጥር ሞላ፤ በአጥሩ ውስጥ ግን አንድም ቤት አልቆመም።

በጎቹ ሣር አጡ። ውብአየሁ ከመንገድ ዳር እያጨደች በጀርባዋ ታወጣ ጀመር። አልተቻላትም። ሁለት ሸጠች፣ ቆየት ብላ ሁለት ጨመረች። የተከለከለው ሣር በቆርቆሮው ቀዳዳ በኩል ይታያል፤ ወገብ ደርሷል።

አንድ ቀን ከገበያ ስትመለስ በጎቹ የሉም። ጅብ ነው ብላ ደነገጠች፤ ከዚያ ድምፃቸውን ከአጥሩ ወዲያ ሰማች። የቆርቆሮው በር ተከፍቷል። ነጋ በሩ ላይ በትሩን ተደግፎ ተቀምጧል። የልጁ ባጃጅ ከቆመች ወዲህ ነጋ እዚያ በጥበቃነት መቀጠሩን ሰምታ ነበር እንጂ ልታየው አልሄደችም፤ እሱም ደፍሮ ወደ ጎጆዋ አልመጣም።

«አያ ነጋ፣ አንተ ነህ ያስገባሃቸው?»

«እኔ ነኝ።»

«ሰውዬው ቢሰማስ?»

«ስልክ አያነሣም። ደሞዜንም ከላከ ቆየ።» ከዚያ በአዊኛ፣ ሕፃናት ሳሉ በሚያወሩበት ቋንቋ፣ «ግቢና ተቀመጪ፣ ቆመሽ አትቅሪ» አላት።

ገባች። ከተከመረው ድንጋይ አንዱ ላይ ተቀመጠች። ሐይቁን ካየችው ቆይታ ነበር። ነጋ ስለ ውዴ ወገብ ሕመም ነገራት፣ ስለ ልጁ ነገራት። ስለ ክፍፍሉ አንዳቸውም አላነሡም። ሲመሽ በጎቹን አብሯት ቆጥሮ አስወጣላት። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ በሩ ይከፈት ነበር፤ በጎቹም ሥጋ ያዙ።

ይህም ብዙ አልቆየም። ደጀን ውሉን ለሌላ ሰው አሳለፈው፤ አንድ ግድግዳ እንኳ ሳያቆም ከከፈለው በላይ አግኝቶበታል ተባለ። አዲሱ ሰው የራሱን ጥበቃ ይዞ መጣ። ነጋ ጋቢውንና በትሩን ይዞ ወጣ። የቀረ ደሞዙን የሚጠይቀው ሰው አላገኘም።

ውብአየሁ በጎቹን ሸጠች፤ ጠቦት የያዘች አንዲት እናት በግ ብቻ አስቀረች። ምስጋናው በዚያው ሰሞን እያለከለከ ዳገቱን ወጣ።

«እትዬ፣ አዲሱ ሰውዬ ጎጆዋንም ይፈልጋታል። አጥሩ እንዲገጥምለት ነው። የፈለጉትን ይጥሩ ብሏል።»

«ዛሬ አልችልም፣ ምስጋናው። ደክሞኛል።»

«ሰኞ ልምጣ?»

«ና፤ የለም እልሃለሁ።»

ሰኞ መጣ፤ የለም አለችው። የምሥራች «ዳንግላ ግቢ» እያለች በየሳምንቱ ትደውልላታለች። ውብአየሁ እሺ ትላለች እንጂ አትሄድም። ሰው ሲጠየቅ ኩራት ነው ይላል፤ እሷ ግን ዕቃ መሸከፍ ከመቀመጥ ይከብዳል ትላለች። ነጋ እሑድ ከቅዳሴ መልስ አንዳንዴ ይወጣል። በሩ ላይ ይቀመጡና የተቀቀለ ድንች በአዋዜ ይበላሉ። ቆርቆሮው ሲጮኽ እስኪያበቃ ይጠብቁና ወሬያቸውን ይቀጥላሉ።