ሾፌሩ የገዛ ጠጁን የቀመሰበት ዕለት

ከዚያ ዕለት ወዲህ በሞጣ ከተማ የሰው መጠጥ ቀምሶ ወዲያው የሚያወድስ አፍ ጠፍቷል። እንግዳ ብርሌውን ከከንፈሩ ያላቅቅና አንድ ጊዜ ጣሪያውን፣ አንድ ጊዜ ባለቤቱን ይመለከታል፤ የሚናገረው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ልማድ ያመጣው አዋጅ አይደለም። የአቶ እንዳላማው ሽባባው ጠጅ ነው።

አቶ እንዳላማው የአውቶቡስ ሾፌር ነበሩ። ከሞጣ ባሕር ዳር የሚወስደውን መንገድ በክረምት ጭቃው፣ በበጋ አቧራው ሲመላለሱበት ፀጉራቸው ነጣ። ገና በጐልማሳነታቸው፣ ጠጥቶ የነዳ ባልንጀራቸው ከነተሳፋሪው ገደል ሲገባ በዓይናቸው አዩና በንስሐ አባታቸው በቄስ ምንውየለት ፊት፣ «መሪ እስከ ጨበጥሁ ድረስ የሚያሰክር ነገር በአፌ አይዞርም» ሲሉ ተሳሉ። ስለታቸውንም ጠበቁ። ሰው ሁሉ በሚዘፍንበት ሰርግ ቤት ውሃቸውን ይዘው ተቀምጠው፣ ሲነጋጋ ሞተር ያስነሡ ነበር።

ጡረታ ሲወጡ ደጃፍ ላይ መቀመጥ ያዙ። አውቶቡስ ባለፈ ቁጥር ቀኝ እጃቸው ማርሽ ይቀይራል፤ አፋቸው ግን ከማንም ጋር አይነጋገርም። ባለቤታቸው ወይዘሮ አንጓች «ይህ ሰው ሊሞትብኝ ነው» ብለው ሠጉ። አንድ ቀን ወይዘሮ አንጓች እንኩሮ ሲያነኩሩ ወገባቸውን ያዛቸውና ማማሰያውን ጥለው ተቀመጡ። አቶ እንዳላማው ተነሥተው ማማሰያውን አነሡ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ጓዳው የእሳቸው ሆነ።

ወንድ ልጅ ጋን ሲያጥብ ታይቶ በማይታወቅበት ሰፈር፣ ጋኑን በግራዋ ፈትገው፣ በወይራ አጥነው፣ ብቅል ራሳቸው አብቅለው፣ ጌሾ ራሳቸው ወቅጠው ጠላ ጠመቁ፤ ጥቂት ቆይተውም ማር በጥብጠው ጠጅ ጣሉ። አንዲት ብርሌ ሸጠው አያውቁም። ደስታቸው ብቻ ነበር። ጎረቤት በአጥር ላይ ይተርባቸዋል።

«ጋሼ እንዳላማው፣ ጋኑ ስንት ሰው ይጭናል?»

«ትርፍ አልጭንም። ውረድ!»

ጠጁ ሲፈላ ጆሯቸውን በጋኑ ሆድ ላይ ለጥፈው ያዳምጣሉ፤ «ሞተሩ ተነሥቷል» ይላሉ። በጆሮና በአፍንጫ እንጂ በምላስ አይፈርዱም፤ መሪውን ቢለቁም የሚያሰክር ነገር ላለመቅመስ እንደ ጸኑ ነበሩ። ምላሳቸው ወይዘሮ አንጓች ነበሩ። ለእንግዳ ሲቀዳ ባለቤት አስቀድሞ መቅመስ ወግ ነውና፣ ወይዘሮዋ ጠብታውን በመዳፋቸው ተቀብለው ፉት ይሉና «ማር ነው!» ይላሉ። እንግዶቹም ተከትለው «ማር ነው!» ይላሉ። በየወሩ የሚጠጡት የማኅበር ሰው በመላ ሲመርቃቸው አቶ እንዳላማው እንደ ሙሽራ ያፍሩ ነበር።

ይህ ሁሉ ምርቃት ያልወጣው ከአንድ ሰው አፍ ብቻ ነው። አቶ መኳንንት በአውቶቡሱ ላይ የአቶ እንዳላማው ረዳት ሆነው ያረጁ፣ ከአጥር ማዶ የሚኖሩ፣ እንጀራና ጎማ አብረው የተሸከሙ ባልንጀራቸው ነበሩ። አንድ የማኅበር ቀን ብርሌውን ፉት ብለው መሬት አስቀመጡትና፣ «ጋሼ፣ ይኸ ጠጅ አይጠጣም» አሉ።



«ሰው ሁሉ እየጠጣው?»

«ስለ ሰው ሁሉ አላውቅም። እኔ ግን አልጠጣውም።»

«እንግዲያው ውጣ!»

ወጡ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ሽማግሎች በአንድ አጥር ግራና ቀኝ እየኖሩ እግዜር ይስጥልኝ ሳይባባሉ ሦስት ክረምት አለፈ። አቶ እንዳላማው ጠጅ በጣሉ ቁጥር ወደ አጥሩ ይመለከቱ ነበር፤ ለማን እንደሚጥሉት እንኳ የጠፋቸው ይመስላል። በመጨረሻ አቶ መኳንንት ናቸው ለቄሱ የላኩት። «አንዳችን ብንሞት ቀሪያችን ቀብር ሳይቆም ሊቀር ነው። ያስታርቁን» አሉ።

ዕርቁ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ሆነ። ቄስ ምንውየለት መሐል ተቀመጡ፤ ማኅበሩ ዙሪያውን፤ ሽማግሌው አቶ ስንሻው በግድግዳው ጥግ፣ እንደ ወትሮው። አቶ መኳንንት ድንጋይ ተሸክመው ገቡ፤ አቶ እንዳላማው አወረዱላቸው፤ ተሳሳሙ፤ ሁለቱም አለቀሱ። የቀረው አንድ ነገር፣ የዕርቁን ጠጅ አብሮ መጠጣት ነበር። አቶ እንዳላማው ለዚያች ሰዓት ሲሉ ነጭ ማር አስመጥተው፣ ጋኑን ከወትሮው ይበልጥ አጥነው፣ ከጣሉት ሁሉ የላቀ ያሉትን ጠጅ አዘጋጅተዋል። ይህ ካልተጠጣ ዕርቁ ዕርቅ አልነበረም።

ብርሌው ተሞላ። ወይዘሮ አንጓች ፈጥነው መዳፋቸውን ዘረጉ።

«አይሆንም፣ እትዬ» አሉ አቶ መኳንንት። «የተጣላኝም፣ የታረቀኝም ጋሼ ነው። የሚቀምስልኝም እሱ ይሁን።»

በቤቱ ውስጥ የነበረው ነፍስ ሁሉ ደነገጠ። የታረቀ ጠላት «ቅመስልኝ» ሲል ምን ማለቱ እንደ ሆነ የማያውቅ የለም።

«መኳንንት!» አሉ አቶ ስንሻው። «መርዝ አለበት ልትል ነው? በዕርቅ ቀን?»

አቶ መኳንንት ብርሌውን ወደ አቶ እንዳላማው ገፋ አደረጉት። ወይዘሮ አንጓች አመድ መስለው ቆሙ። «እሱ አይጠጣም!» አሉ፤ ድምፃቸው ተንቀጠቀጠ። «ስለት አለበት! አባ፣ ይንገሩት እንጂ!»

ሴትዮዋ ስለ ምን ይንቀጠቀጣሉ? ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ከእንግዶቹ አንዱ የራሱን ብርሌ ቀስ ብሎ ከበርጩማው ሥር ሸጎጠው።

ቄስ ምንውየለት ዕርቁን ለማዳን ቸኰሉ። «ስለቱማ በእኔ ፊት ነው የተደረገ። ‹መሪ እስከ ጨበጥሁ› ነበር ያለ። መሪውን ከለቀቀ ቆየኮ! ይቅመስ፤ እግዚአብሔር ይፍታህ» አሉ። ምን ዐይነት በር እንደ ከፈቱ የገባቸው ቃሉ ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ነው። መስቀላቸውን አጥብቀው ያዙ።

አቶ እንዳላማው የሰሙት አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ መርዝ። «እኔ? ለአንተ?» አሉ። በመዳፋቸው አልተቀበሉም። ብርሌውን አንሥተው አንድ ጊዜ አፋቸውን ሞሉት።

ጉንጫቸው አበጠ። ዓይናቸው ፈጠጠ። በአንድ እጃቸው ምሰሶውን ያዙና ቆሙ፤ አይውጡትም፣ አይተፉትም።

«ወይኔ! መርዝ ነው!» ብሎ አንዱ ጮኸ። አቶ ስንሻው በርጩማ ገልብጠው ወደ በሩ ሮጡ። «ወተት! ወተት አምጡ!» የሚል ድምፅ ከጓሮ ተሰማ። ቄሱ ጸሎት ጀመሩ።

አቶ እንዳላማው በታላቅ ጭንቅ ዋጡት። እንባቸው ወረደ። ቀስ ብለውም ወደ ሚስታቸው ዞሩ።

«አንጓች… ይኸ ምንድን ነው?»

«ጠጅህ ነው።»

«ዛሬ ነው እንዲህ የሆነ ወይስ ሁልጊዜ?»

ወይዘሮዋ በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ።

«አባ! ሁልጊዜ እንዲህ ነው?»

ቄስ ምንውየለት ጸሎታቸውን አቋረጡና፣ «እንዲያው… አንዳንዴ ከዚህ ይሻላል» አሉ።

«ስንሻው! ለፋሲካ ሦስት ብርሌ ጠጥተህ አይደለም ወይ ቆመህ የመረቅኸኝ?»

አቶ ስንሻው ከበሩ ላይ ተመለሱ። «መቅዳትህን አየህ እንጂ መጠጣቴን መች አየህ?» አሉና አንገታቸውን ደፉ። በዚህ ጊዜ የሁሉም ዓይን እሳቸው ወትሮ ወደሚቀመጡበት ግድግዳ ዞረ። አቶ እንዳላማው በየዓመቱ የሚለስኑት፣ በየዓመቱም ከሥሩ የሚርሰውና የሚፈርሰው ግድግዳ ነበር። ውሃ ከየት እንደሚገባበት ሲመራመሩ ኖረዋል።

ከመርዝ የከፋ ድንጋጤ እንዳለ ሞጣ ያን ቀን አየች። መርዝ ቢሆን አንድ ጥፋተኛ በተገኘ ነበር። እዚህ ግን ማኅበሩ በሙሉ፣ ከነመስቀሉ፣ ከነሚስቱ!

«ደጃፍ ላይ ተቀምጠህ ልትሞትብኝ ነበር» አሉ ወይዘሮ አንጓች ከነጠላቸው ውስጥ። «ማማሰያውን ስትይዝ ነፍስህ ተመለሰች። የመጀመሪያውን ቀን ‹ማር ነው› አልሁህ። ከዚያ ወዲያ በየት በኩል ልውጣ? እኔ ስል እነሱም አሉ፤ እነሱ ሲሉ እኔም አልሁ።»

አቶ እንዳላማው ወደ አቶ መኳንንት ዞሩ። «አንተስ? እንደ ሰው ‹ማር ነው› ብለህ አትጠጣም ነበር?»

«ጋሼ» አሉ አቶ መኳንንት፣ «አውቶቡሱን ወደ ኋላ ስታስኬድ ከበስተኋላ ሆኖ ‹ና፣ ና፣ ቁም!› የሚልህ ማን ነበር? ገደል እያየሁ ‹ና› ብልህ ኖሮ ዛሬ የት ነበርን? ያን ቀንም ‹ቁም› ነው ያልሁህ። ሲቀምሱልህ ትኖራለህ እንጂ አትቀምስም፤ ሳትቀምስም አታምነኝም።»

«ታዲያ ምን ጐደለው?»

«ጐደለው? ተረፈው እንጂ! ጠጁን በጠላ እጅ ነው የምትጥለው። ጢሱን ታበዛለህ፤ ጌሾውን ሳታወጣ እስከ መጠጫው ቀን ትተወዋለህ። ጠላ ይኸን ይችላል፤ ማር አይችልም።»

«ጠላዬስ?» አሉ አቶ እንዳላማው በፍርሃት።

«ማር ነው!» አለ ማኅበሩ በአንድ አፍ።

«እናንተን ማን ጠየቀ! መኳንንት፣ ጠላዬስ?»

አቶ መኳንንት አሰብ አደረጉ። «ጠላህማ ሦስቱን ክረምት ናፍቆኛል።»

ይህን ብለው ከብርሌው የቀረውን የዕርቅ ጠጅ አነሡና፣ እንደ ኮሶ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጠብታ ሳያስቀሩ ጨለጡት። በዚህ የሁለቱ ጠብ ሞተ።

ከሌላው ሰው ጋር ያለው ጠብ ግን ያን ጊዜ ተወለደ። አቶ እንዳላማው ማኅበሩን በሙሉ ከነቄሱ ከቤታቸው አስወጡ፤ ከሚስታቸው ጋር መነጋገር ተዉ። አስታራቂ ቢፈለግ በሞጣ ንጹሕ ሽማግሌ ታጣ፤ የሚላከው ሁሉ ተከሳሽ ነበርና። ስለዚህ እኩለ ቀን ላይ ድንጋይ ተሸክመው የገቡት አቶ መኳንንት ያንኑ ማታ ብቻቸውን ሽማግሌ ሆነው ተቀመጡ፤ ፍርዳቸውም አጭር ነበር።

«ስታወድሱት ኖራችኋል። ጋኑን ጨርሱ።»

በማግሥቱ ከቅዳሴ በኋላ ተሰበሰቡ። ወይዘሮ አንጓች የመጀመሪያውን ብርሌ አነሡ፤ ቄሱ ተከተሉ። አቶ ስንሻው ከግድግዳው ርቀው መሐል እንዲቀመጡ ተደረገ። የሚሰማው የጉሮሮ ድምፅ ብቻ ነበር። አቶ እንዳላማው በረዳታቸው አጠገብ ተቀምጠው፣ ፊታቸውን እያጨማደዱ፣ ድርሻቸውን እኩል ጠጡ። ወይዘሮ አንጓች አራተኛውን ብርሌ ሊቀዱ ሲሉ ግን ባላቸው እጃቸውን ያዙና፣ «ይብቃሽ። ያንቺን እኔ እጠጣልሻለሁ» አሏቸው።